ሲሞቅ የሚጠፋ የ1970 ኤምጂቢ፦ ካርቡራተሩን ልቀይር ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ባለኤምጂው፣ ሌስተር

ጤና ይስጥልኝ። የድሮ የእንግሊዝ መኪና ነገር የሚገባው ሰው ካለ ገንዘቡ ከኪሴ ሳይወጣ ሐሳብ ስጡኝ።

በፈረንጆች 1970 የተሠራች ኤምጂቢ አለችኝ። ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቸርኬዎቿ ባለ ሽቦ። ሞተሯ ያው 1798 ሲሲው ነው፤ ሁለቱ ኤስዩ ካርቡራተሮች በቦታቸው አሉ፤ ከፋብሪካ ከወጣችበት የተለወጠ ነገር ብዙም የላትም። የገዛኋት ከአንድ ጡረተኛ ሰውዬ ነው። ሊሸጧት ሲሉ "ሙሉ ሰርቪስ አስደርጌላታለሁ" ብለው ደረሰኙን ሰጥተውኛል፦ ካንዴላ፣ ፑንቲና (የቦቢናውን ኮረንቲ የሚያቋርጠው)፣ ኮንደንሰር፣ ሮተር፣ የዲስትሪቢውተር ክዳን፣ ሁሉም አዲስ። ከዚያ በላይ ደግሞ ከመኪናዋ የወጣ አሮጌ ዕቃ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ አጭቀው ጨምረውልኛል። እኚህ ሰውዬ ዕቃ አይጥሉም መቼም።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ቾክ ስቤ ቁልፍ ስሰጣት ወዲያው ትነሳለች። ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ድረስ ደስ እያለች ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ነው ጉዷ የሚጀምረው፦ ትንተባተባለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ ትጠፋለች። ዳር አውጥቼ ኮፈን ከፍቼ ትንሽ ስትቆይ ምንም እንዳልሆነች ትነሳና ጥቂት ሄዳ ደግሞ ያው ነው። ኤ6 አውራ ጎዳና ላይ ከኋላዬ ሎሪ እየመጣ ስትጠፋብኝ ምን እንደተሰማኝ አትጠይቁኝ። የሙቀት መለኪያው ሁሌም መሃል ላይ ነው፤ ውሃ አትጨርስም፣ ዘይት አትጠጣም።

ሰፈሬ ያለ አንድ ጋራዥ ወስጄ አሳየኋት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለቱን ካርቡራተሮች እያየ "እነዚህ አብቅቶላቸዋል፣ አውጥተን አዲስ ዌበር ካርቡራተር እንግጠምላት" አለኝ። የጠራው ዋጋ መኪናዋን ከገዛሁበት ሲሶ ይሆናል። ሞተሩን ግን አላስነሳውም። ምን ትላላችሁ?

የግራ በሯም ለመዝጋት ትንሽ ይከብዳል፣ ታችኛው ጥግ ላይ ይነካካል። እሱ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ።


ፈጣኑ፣ ለንደን

ብሮ፣ ብዙ አታስብ። ሰውየው ልክ ነው። ኤስዩ የአያቶቻችን ዘመን ነገር ነው። አንድ ዌበር ግጠም፣ ፑንቲናውንም ወርውረህ ኤሌክትሮኒክ አድርገው፣ ተገላገልክ። እኔ በትራየምፍ ስፒትፋየሬ ላይ ያደረግሁት ይሄንኑ ነው፤ አሁን ቁልፍ መስጠት ብቻ። ለንደን ውስጥም ከ40 ዓመት በላይ ስለሆነች ዩሌዝ የሚባለው የጭስ ብክለት ክፍያ የለብኝም፣ በየቀኑ ነው የምነዳት። መኪና ለመንዳት ነው የተገዛው፣ ከሥሩ ለመተኛት አይደለም።


አሮጌ መፍቻ፣ ኮቨንትሪ

ወንድሜ ባለኤምጂው፣ እጅህን ከካርቡራተሩ ላይ አንሳ። ለዚያም ጋራዥ ሳንቲም አትክፈል። ሞተር ሳያስነሳ ሞተር ላይ የሚፈርድ መካኒክ ዘንድ መኪና አያድርም።

እኔ ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ቂርቆስ ነው፤ እዚህ ኮቨንትሪ ደግሞ ትራየምፍና ጃጓር፣ ኤምጂም ስፈታና ስገጥም ነው ያረጀሁት። ካርቡራተር ተብሎ ከተከሰሰው ውስጥ አብዛኛው ሲመረመር የኤሌክትሪክ ሆኖ ነው ያገኘሁት። እስቲ አስበው፦ ኤስዩ ማለት አንድ ፒስቶን፣ አንድ መርፌ፣ አንድ ጄት ነው። ሲያረጅ የሚበላው ቢራቢሮዋ የምትዞርበት ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ሲላላ አየር ይሰርቃል፣ ሞተሩ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበትን ዙር) አልይዝ ይላል። ያረጀ ዘንግ ግን ጠዋትም ያረጀ ነው፣ ማታም ያረጀ ነው። ሃያ ደቂቃ ደኅና ሠርቶ አኩርፎ፣ ትንሽ ሲያርፍ የሚታረቅ ካርቡራተር እኔ አላየሁም። ሲሞቅ የሚሄድ፣ ሲበርድ የሚመለስ ነገር ከሰማህ ሐሳብህ መጀመሪያ ኮንደንሰር ላይ፣ ሮተር ላይ፣ ለካንዴላ ከባዱን ኮረንቲ የሚያመነጨው ቦቢና ላይ ይሂድ። ከዚያ ነው ቤንዚን።

ዕቃ ግን ገና አትግዛ። ምርመራው የሚሠራው በምትጠፋበት ሰዓት ነው፤ ከቀዘቀዘች በኋላ ሁሉም ነገር ደኅና ነኝ ነው የሚልህ።

መንተባተብ ስትጀምር መንገዱ ነጻ ከሆነ ማርሽ አታውጣ፣ ፍሪሲዮንም አትርገጥ፤ ዓይንህን ለአፍታ የዙር መለኪያው ላይ ጣል። መኪናዋ በራሷ ግፊት እየሄደች ሞተሩን እያዞረችው ስለሆነ መርፌው መውረድ ያለበት ቀስ ብሎ፣ ከፍጥነቷ ጋር ነው። መርፌው ከተንቀጠቀጠና ድንገት ዜሮ ላይ ከተጋደመ ቦቢናው ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ መቋረጡ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ቤንዚን በዚህ ውስጥ የለበትም። መርፌው በአግባቡ እየወረደ ሞተሩ ብቻ ከሞተ ግን ወይ ቤንዚን ነው፣ ወይ ከቦቢናው ወዲህ ያለው ከባዱ ኮረንቲ ነው፤ ማለትም ሮተሩ፣ ክዳኑ፣ የካንዴላ ገመዶቹ። በዚያ ዘመን መኪና ላይ ይህ መርፌ የነጻ መመርመሪያ መሣሪያህ ነው።

ዳር ይዘህ ከቆምክ በኋላ ደግሞ ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ፣ ሬዲዮም ካለህ አጥፋ። ከኋላ በቀኝ በኩል የቤንዚን ፖምፓው አለ። ጤነኛ ከሆነ ካርቡራተሮቹ ጎደሎ ከሆኑ ጥቂት ጊዜ ትክ ትክ ብሎ ይሞላቸውና ዝም ይላል። ሳያቋርጥ ትክትክትክ የሚል ከሆነ አየር እየሳበ ነው፣ ወይም ታንኩ ባዶ ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለውና የካርቡራተሮቹ ጎድጓዳዎችም ባዶ ከሆኑ የራሱ የፖምፓው ፑንቲና ተበልቷል ወይም ኮረንቲ አልደረሰውም፤ በመፍቻ እጀታ ቀስ አድርገህ ነካ ስታደርገው ከተነሳ ጥፋተኛው ተያዘ። የታንኩን ክዳንም ፈታ አድርግ። ፉት ብሎ አየር ከሳበ መተንፈሻው ተደፍኗል፤ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ተፈጥሮ ፖምፓው ቤንዚኑን መጎተት አቅቶታል።

አሁን ወደ ጠረጠርኩት ልምጣ። ደረሰኙ ላይ አዲስ ኮንደንሰርና አዲስ ሮተር አለ አልክ። አዲስ ናቸውና ከጥርጣሬ ውጭ ናቸው ብለህ እንዳታልፋቸው፤ እኔ የምጠረጥራቸው ለዚሁ ነው። ኮንደንሰር ማለት በውስጡ ስስ የብረት ወረቀት የተጠቀለለበት ትንሽ ጣሳ ናት። ሥራዋ ፑንቲናው በሚከፈትበት ቅጽበት የሚዘለውን ኮረንቲ መቀበል ነው። እሷ ካልተቀበለችው ፑንቲናው ላይ እሳት ይፈነጥቃል፣ የቦቢናው መግነጢስ በአንዴ ከመርገፍ ይልቅ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ካንዴላው ላይ የሚደርሰው እሳትም ለስሙ ብቻ ይሆናል። አሁን በርካሽ የሚሸጡት ውስጣቸው በደንብ አልተያያዘም፤ ሲግሉ ይለቃሉ ወይም ይነካካሉ፣ ሲበርዱ ይመለሳሉ። ምልክቱን ካንተ ጽሑፍ ጋር አስተያየው።

እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ሮተርም የራሱ ታሪክ አለው። ከላይ ያለችውን ነሐስ የያዘች ሪቬት አለች፤ ከሥሯ እስከ ዘንጉ ያለው ፕላስቲክ ስስ ከሆነ እሳቱ ወደ ካንዴላ በመሄድ ፈንታ በዚያ ሰርስሮ ዘንጉን ይመታል። ሮተሩን አውጥተህ ገልብጠህ በባትሪ መብራት እየው። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ጥቁር ነጥብ ካየህ ጣለው። ሪቬት የሌላቸው፣ ወፍራም ተደርገው የተሠሩ ቀያይ ሮተሮች አሉ፤ እነሱን ግዛ።

ያንን የብስኩት ቆርቆሮ ደግሞ አምጣው። ሰውዬው ያወጡት የድሮው ኮንደንሰር እዚያ ውስጥ እንዳለ እወራረዳለሁ። ግማሽ ክፍለ ዘመን የሠራ ኮንደንሰር ትናንት ከፓኬት ከወጣው ይልቅ ይታመናል። አዲሱን አውጥተህ አሮጌውን ግጠም፤ ምርመራው ይኸው ነው፣ ዋጋውም ዜሮ።

ዲስትሪቢውተሩን ከከፈትክ አይቀር ሁለት ስስ ሽቦዎች ተመልከት። አንዷ ከውጭ ወደ ፑንቲናው የምትገባው ናት፤ ሌላዋ ፑንቲናው የተቀመጠበትን ሰሌዳ ከዲስትሪቢውተሩ አካል ጋር የምታገናኝ፣ በጨርቅ የተለበጠች የማሳ ሽቦ ናት። ነዳጅ በሰጠህና በለቀቅህ ቁጥር ቫኩዩሙ ሰሌዳውን ወዲያና ወዲህ ያዞረዋል፣ እነሱም አብረው ይተጣጠፋሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጧ ተበጥሶ ላይዋ ደኅና የሚመስል ሽቦ ስንት ሰው አሳብዷል። በጣትህ ቀስ አድርገህ ሳብ አድርጋት፤ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠች ውስጧ ሽቦ የለም።

ፈጣኑ፣ አንተን ደግሞ አልነቅፍህም፤ ኤሌክትሮኒኩ ደኅና ነገር ነው፣ ዌበርም ካርቡራተር ነው። ግን መኪናህ የዳነችው በየትኛው እንደሆነ ታውቃለህ? ሁለቱን በአንድ ቀን ስለቀየርክ አታውቅም። ይኼ ልጅ ዌበሩን ብቻ ገጥሞ ኮንደንሰሩን ቢተወው ከነአዲሱ ካርቡራተር ኤ6 ላይ ትቆምበት ነበር።

ሁሉም ሰው የእነዚህን መኪኖች የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሠራ የነበረውን ሉካስን ይሳደባል፤ ቀልዱንም ሰምቼ ሰልችቶኛል። የሉካስ ሽቦ አነጣጠፍ ቀለሙን ካወቅህ እንደ ፊደል ገበታ ነው የሚነበበው፦ ቡናማው ከባትሪ በቀጥታ ሁልጊዜ ኮረንቲ ያለው፣ ነጩ ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣው፣ አረንጓዴው ከነጩ ወጥቶ በፊውዝ ያለፈው፣ ሐምራዊው ሁልጊዜ ያለ ግን በፊውዝ፣ ሰማያዊው የፊት መብራት፣ ቀዩ የፓርኪንግና የኋላ መብራት፣ ጥቁሩ ማሳ። ያንተ ፖምፓም ቦቢናህም የሚበሉት ከነጩ ነው። በየመጋጠሚያው ያሉት ጥይት የሚመስሉ መሰኪያዎች ዝገት በልተው ከሆነ ሉካስ ምን ያድርግ? አንድ በአንድ ንቀላቸው፣ አጽዳቸው፣ መልሰህ ጥብቅ አድርገህ ስካቸው። ከባትሪዎቹ ወደ አካሉ የሚሄደውን የማሳ ገመድም አትርሳ። ያንተዋ ከወንበሮቹ ኋላ ወለሉ ሥር ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ በሰልፍ የተያያዙላት ናት፤ በመሃላቸው ያለችው ማገናኛ ገመድ ራሷ ብዙ ጊዜ ትረሳለች።

በሩን በተመለከተ ለሌላ ጊዜ አትበለው። የትኛው ጥግ ነው የሚነካው? በኋላ በኩል ከታች ከሆነ ከሞተሩ ይልቅ እኔን ያሰጋኝ እሱ ነው። መልስልኝ።


የአሌክሳንድሪያዋ፣ ቨርጂኒያ

ጋሼ አሮጌ መፍቻ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ቤንዚኑን ትንሽ ቶሎ አለፉት ብዬ ነው። እኔ እዚህ የ1972 ኤምጂቢ አለችኝ፣ መሪዋ በግራ። እነዚህ መኪኖች አቢንግደን ተሠርተው አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ ነው የተጫኑት፤ ስለዚህ ዕቃ በማግኘት እኛ አንታማም። ችግራችን ቤንዚኑ ነው። እዚህ ከየትም ብትቀዳ አሥር በመቶ ኢታኖል ያለበት ነው የሚገጥምህ። እናንተም ጋ በፈረንጆች ከ2021 መስከረም ጀምሮ ተራው ቤንዚን ኢ10 ሆኗል አይደል?

የድሮው የላስቲክ ቱቦ ኢታኖል አይችልም። ከውጭ ስታየው ደኅና ነው፣ ውስጡ ግን ያብጣል፣ ይላጣል። እኔ የካርቡራተሩን ጎድጓዳ ስከፍት ከሥሩ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ነገር ነው ያገኘሁት፤ ቱቦው ነበር እየሟሟ የሚወርደው። ስለዚህ ባለኤምጂው፣ ከታንክ እስከ ካርቡራተር ያለውን ላስቲክ በሙሉ አር9 የሚል በተጻፈበት ቱቦ ቀይረው። ርካሽ ነው። ቤንዚን ሞተር ላይ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ደግሞ መቆም ብቻ ሳይሆን መቃጠልም ያመጣል። ስትቀዳም ኢ5 የሆነውን ሱፐሩን ቅዳ፤ ትንሽ ይወደዳል እንጂ እሱ ይሻላታል።

ሁለተኛ፣ በዚህ ሞተር ላይ የቤንዚኑ መግቢያም የጭሱ መውጫም በአንድ ጎን ነው። ካርቡራተሮቹ የተቀመጡት ከጋለው ብረት አጠገብ ነው ማለት ነው። መሃላቸው የሙቀት መከላከያ ላሜራ አለ፤ በላዩ ላይ የነበረው መሸፈኛ ተልጦ ከሆነ ትራፊክ ውስጥ ቆማ ቤንዚኑ ጎድጓዳው ውስጥ ይፈላል። የመሸፈኛው አሮጌ ቅሪት ካለ ግን በጥፍርህ አትፋቀው፤ የዚያ ዘመን ዕቃ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ የፍሬን ሸራውም እንዲሁ። እየሄደች ነው ወይስ ቆማ ነው የምትጠፋው?

በነገራችን ላይ እዚህ ያሉት የሀገሬ ልጆች መካኒኮች መኪናዬን ሲያዩ "እህቴ ቶዮታ ግዢ" ከማለት ሌላ እርዳታ አልሰጡኝም። የዙር መለኪያውን ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት፤ ጋሼ ይኑሩልን።


ባለኤምጂው፣ ሌስተር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንደነገሩኝ አደረግሁ።

መጀመሪያ ለእህቴ፦ እየሄደችም ቆማም ነው የምትጠፋው፤ እንዲያውም የሚበዛው እየሄደች ነው። መከላከያው ላሜራ ደኅና ይመስላል። ቱቦዎቹን ግን ጠምዘዝ አድርጌ ሳያቸው አንዱ ተሰነጣጥቋል፣ አር9ኙን አዝዣለሁ።

ቅዳሜ ሆን ብዬ እስክትጠፋ ነዳኋት። ልክ መንተባተብ ስትጀምር የዙር መለኪያው መርፌ እንደ በሽተኛ እጅ ተንቀጠቀጠና 2,500 ላይ የነበረው ዜሮ ላይ ወደቀ፤ መኪናዋ ግን ገና በሠላሳ ማይል እየሄደች ነው። ዳር ይዤ ቁልፉን ስከፍት ፖምፓው ሁለት ሦስቴ ትክ ብሎ ዝም አለ። የታንኩ ክዳን ምንም አየር አልሳበም። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አንስቼ ፑንቲናውን በካቻቢቴ ከፈት ዘጋ ሳደርገው ሰማያዊ እሳት ይፈነጥቃል፤ የሚፈነጥቅበትም ቦታ ጠቁሯል። ቆርቆሮው ውስጥ ደግሞ እንዳሉት ነው፦ ሉካስ የሚል የተቀረጸበት አሮጌ ኮንደንሰር በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ በእርሳስ "ደኅና ነው" ተብሎ ተጽፎበት አገኘሁት። ሰውዬው ራሳቸው ደኅና ነው ብለው ለምን እንዳወጡት አልገባኝም።

እሱን ገጠምኩት። ፑንቲናውን አጽድቼ በ15 ሺህኛ ኢንች (0.015) ለክቼ ዘጋሁት። እሁድ ቤተሰቡን ለእናቴ አደራ ብዬ ሩትላንድ ውሃ ሐይቅ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ አንዴም አልተንተባተበችም። ሮተሩን ገልብጬ ሳየው ነጥብ የለበትም፣ ያም ሆኖ ቀዩን አዝዣለሁ።

አሁን ሚኒሞዋ ትንሽ ይወዛወዛል። ካርቡራተሩን እኔው ላስተካክለው እችላለሁ?

በሩ ያሉት ነው። የሚነካው በኋላ በኩል ከታች ነው። ከላይ ያለው ክፍተት ደግሞ ከታቹ ይሰፋል። መጥፎ ነው?


አሮጌ መፍቻ፣ ኮቨንትሪ

እሰይ። የድሮ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ሰርቪስ ማለት መቀየር ነው ብለው ደኅናውን አውጥተው ያስቀምጡታል። ሌላ ኮንደንሰር ገዝተህ መለዋወጫ ይዘህ ዙር፣ ግን ጥሩውን ፈልገህ።

ካርቡራተሩን በራስህ ትችላለህ፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ አታዛባ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ የቫልቮቹን ክፍተት በ15 ሺህኛ ኢንች አስተካክል። ከዚያ ካንዴላው በ25 ሺህኛ፣ ፑንቲናው፣ ታይሚንጉ። ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ኤስዩ የሚነካው። ከላይ ያለውን ጥቁር ክዳን ፈትተህ 20 ቁጥር ቀጭን ዘይት ጨምርበት፤ አብዛኛው ሰው ይህን ረስቶት ነው ነዳጅ ሲረግጥ የምትደናቀፍበት። ሞተሩን በደንብ አሙቀው። አንድ ክንድ የምታህል የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን የካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርገህ የሁለቱን ፉጨት አስተያይ፤ እኩል እስኪያፏጩ ድረስ የሚኒሞውን ቪቴ እያስተካከልክ አመጣጥናቸው። ከዚያ በየካርቡራተሩ ጎን ሥር ያለችውን ፒን በጣትህ ግፋ፣ ፒስቶኑ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ሳይሞላ ይነሳ። ሞተሩ ፈጥኖ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚን በዝቶበታል። ሊጠፋ ከዳዳ አንሶታል። ለቅጽበት ፈጠን ብሎ ወደነበረበት ከተመለሰ ልክ ነው። ከሥር ያለችውን ዳዶ አንድ ገጽ አንድ ገጽ እያልክ ነው የምታዞረው፤ ስድስት ገጽ አላት፣ በአንዴ ሙሉ ዙር አትስጣት። ጋራዥህ ዝግ ከሆነ በሩን ከፍተህ ሥራ፣ ጭሱ ይገድላል።

አሁን ወደ በሩ። አዎ፣ መጥፎ ሊሆን ይችላል።

ኤምጂቢ ሻንሲ የላትም። ጣሪያ የሌላት መኪና ስለሆነች ከፊትና ከኋላ የሚይዛት ከበሮቹ ሥር ያለው ደፍ ነው። ደፉ ከውጭ የምታየው አንድ ላሜራ ብቻ አይደለም፤ የውጩ፣ የውስጡ፣ በመሃላቸው ቀጥ ብሎ የሚቆም ሌላ ላሜራ፣ ከሥር ደግሞ የግንብ ጫፍ የመሰለ የተጣጠፈ ብረት አለ። ውሃና ጭቃ ከፊት ጎማው ኋላ ይገባና እዚያ ውስጥ ይተኛል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበላው። ሲዳከም መኪናዋ መሃሏ ላይ ትጎብጣለች፣ የበሩ ክፍተት ከላይና ከታች መለያየት ይጀምራል።

እንዲህ እየው። በሩን ክፈትና ዝጋ፣ ክፍተቱን ልብ በል። ከዚያ ከደፉ ሥር ባለው የክሪክ ቦታ ጎማው መሬት እስኪለቅ አንሳት። ክፍተቱ ሳይለወጥ በሩ እንደነበረው ከተዘጋ ደፉ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ምናልባት ማጠፊያው ብቻ ይሆናል። ክፍተቱ ከጠበበ ወይም በሩ ጭራሽ አልዘጋ ካለ በውስጥ ብረት የለም። ክሪኩ ራሱ እየሰረገ ከገባ ደግሞ ወዲያው አውርዳት፤ ከሥሯ ገብተህ እንዳታይ። ማግኔትም በደፉ ላይ አስኪደው፤ የማይዝበት ቦታ ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ብዙ ሻጭ የበሰበሰውን ሳያወጣ በላዩ አዲስ ላሜራ ለብዶ ቀለም ይቀባል፣ ሲታይ ያምራል። ምንጣፉን አንስተህ የውስጡን ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በካቻቢቴ ጠቅ ጠቅ አድርግ።

በፈረንጆች ከግንቦት 2018 ጀምሮ 40 ዓመት ያለፋት መኪና ኤምኦቲ የሚባለው ዓመታዊ ምርመራ አያስፈልጋትም ተብሏል። ባለቤቶች ተደሰቱ፣ እኔ ግን አልተደሰትኩም። ያንተዋን ከዚያ ወዲህ ከሥሯ ማን አያት? ታርጋዋን ድረ ገጹ ላይ አስገብተህ የድሮውን የኤምኦቲ ታሪኳን በነጻ እየው፤ "ደፍ ዝጓል" የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ እዚያ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ከዚያ ግዴታ ባይኖርብህም ወስደህ አስመርምራት።


ፈጣኑ፣ ለንደን

ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የስፒትፋየር ደፍም እንደዚሁ ነው? የኔ በር እኮ ሁሌም ሲዘጋ ትከሻ ይፈልጋል።


አሮጌ መፍቻ፣ ኮቨንትሪ

ስፒትፋየር ከሥሯ ሻንሲ አላት፣ ግን ደፏም ሸክም ይሸከማል፣ እሷም ትጎብጣለች። ማግኔቱን አንተም ያዝ።


ባለኤምጂው፣ ሌስተር

ጋሼ፣ አነሳኋት። ክፍተቱ ጠበበ፣ በሩ ግን ይዘጋል። ማግኔቱ ከፊተኛው ጎማ ኋላ አንድ ስንዝር ቦታ ላይ አይዝም። ታሪኳ ላይ 2016 ላይ ደፉ እንደዛገ ተጽፏል። አንድ ባትላሜራ "ሁለት ቀን ስጠኝ፣ ቆርጬ አዲሱን እበይዳለሁ" አለኝ። ልስጠው?


አሮጌ መፍቻ፣ ኮቨንትሪ

ሁለት ቀን የሚል ከሆነ ገና ደፍ አልቀየረም። ሦስት ጥያቄ ጠይቀው። ከመቁረጥህ በፊት የበሩን መስኮት ክፍት ላይ ብረት በይደህ ታስረዋለህ ወይ? በሩን እየገጠምክ ክፍተቱን እየለካህ ነው የምትበይደው ወይ? የመሃሉንም ላሜራ ትቀይራለህ ወይስ የውጩን ብቻ? አንዱን እንኳ ካቅማማ ተወው። ሳይታሰር የተቆረጠ ኤምጂቢ ጎብጦ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም በር በትክክል አይዘጋም። አዲስ ሙሉ አካል ከ1988 ጀምሮ በድሮው የፋብሪካ መሣሪያ እየተሠራ ይሸጣል፣ ስለዚህ መኪናዋ ፈጽሞ አትጠፋም፤ ያንተ ግን እዚያ የሚያደርስ አይመስለኝም።

ለምትመርጠው ሰው ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱንም ባትሪ እንዲያወጣ፣ የአልተርኔተሩን መሰኪያ እንዲነቅል፣ ከወለሉ ሥር የሚያልፈውን የቤንዚን ቧንቧ ባዶ አድርጎ እንዲያርቅ ንገረው። የቆረጠውንም አሮጌ ብረት ሳይጥል ፎቶ አንስቶ ይስጥህ፤ አንተም ወዲህ ላክልኝ፣ ምን ያህል እንደተበላ ካየሁ በኋላ የቀኙን ጎን መንካት ይኑርበት አይኑርበት እነግርሃለሁ።